ባቲ ውስጥ ማን አለህ?

አንድ መኪና ጠሪ ነበር። ይማም ይባላል። ሥራው መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ አውቶብሶቹ የሚሄዱባቸውን ከተሞች እየጮኸ መጥራት ነው። «ደሴ ደሴ ደሴ፣ ወልድያ ወልድያ ወልድያ፣ ከሚሴ አንድ ሰው የቀረው» ሲል ይውላል። አውቶብሱ ባዶውን ቢቆምም አንድ ሰው የቀረው ይላል፤ ይህቺን ውሸት አላህም ተሳፋሪም ይቅር ይሉኛል ብሎ ያምን ነበር። ያኔ ድምፅ ማጉያ የሚባል ነገር እዚያ መናኸሪያ አልደረሰም። ወደ የትኛውም ከተማ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የይማምን ድምፅ መስማት ነበረበት።

ያ ጊዜ ለይማም መልካም ጊዜ ነበር። አውቶብስ ጣሪያ ላይ ፍየል ከነነፍሱ ይጫናል፣ ፍራሽ ይጫናል፣ ሸንኮራ አገዳ ይታሰራል። ተሳፋሪው ወንበሩን ከመያዙ በፊት ከይማም ጋር ተጨባብጦ የልጁን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ነገር ይጨዋወታል። የማን ልጅ የት እንደተዳረች፣ የማን በሬ እንደጠፋ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከይማም የሚሰወር አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነበር። ዛሬ ያንን ዘመን ሲያስታውስ ጠዋት ጠዋት የሚሸተው ናፍጣ እንኳ ይናፍቀዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ማንም የማያውቀው ነገር ነበረው። ይማም አገር አልነበረውም። በሕፃንነቱ አንድ አውቶብስ እዚያ መናኸሪያ አውርዶት ሄደ። ማን እንዳሳፈረው፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን ሊቀበለው ታስቦ እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። የሚቀበለው ሰው አልመጣም፤ ሻይ ሻጮችና ጫኝና አውራጆች አሳደጉት። እነሱ አንድ በአንድ ካለፉ በኋላ ምስጢሩ ከሚስቱ ከዘሀራ በቀር የሚያውቀው ጠፋ፤ እሷንም ለማንም እንዳትናገር አደራ ብሏታል። አገርህ የት ነው ያለው ሁሉ «እዚሁ ነኝ» ከሚል መልስ በላይ አላገኘም።

በዓል ሲደርስ መናኸሪያው ይጨናነቃል። ሁሉም ወደ አገሩ ይገባል። ይማም የመጨረሻውን ሰው አሳፍሮ ሲያበቃ የሙዝ ልጣጭና የቲኬት ቁራጭ በተበተነበት ግቢ ብቻውን ይቆማል። ያን ጊዜ ቅናት ይይዘው ነበር። በተለይ የባቲ ተሳፋሪዎች ያስቀኑታል። ደሴ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ ነው። ባቲ የሚሄደው ግን ለሰኞ ገበያ ነውና እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሳሳቀ፣ እየተጓተተ፣ ያላለቀ ወሬ ይዞ ይሳፈራል። ባቲ ከዚያ መናኸሪያ ቁልቁል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብታስኬድ ነው። ይማም ግን ሄዶ አያውቅም። መጀመሪያ ሥራ ከለከለው፤ ኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራ።

ዘሀራ ሴት ልጅ ስትወልድለት፣ ሐያት እንበላት እያለችው፣ ስሟን ባቲ አላት። ሰፈሩ ሳቀ። የሚገርመው፣ በዚያው ሰፈር መዲና የሚባሉ ሦስት ሴቶች፣ ቤተልሔም የሚባሉ ሁለት፣ አንዲት ናዝሬትም ነበሩ። በእነሱ የሳቀ የለም። ሩቅ ያለ ከተማ ስም ሲሆን ያምራል፤ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚደረስበት ከተማ ስም ሲሆን ግን ሰው ሊስቅ ይፈልጋል።

ይማም ልጁንም እንደ ሥራው ሦስት ጊዜ እያከታተለ ነበር የሚጠራት። «ባቲ ባቲ ባቲ» ሲላት ትሮጣለች። ሰው የሚጠራው እንዲህ ብቻ ይመስላት ነበርና ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን መምህሯ አንድ ጊዜ «ባቲ» ቢሏት ዝም አለች። መምህሯ ልጅቷ ጆሮዋ አይሰማም ብለው አባቷን አስጠሩ። ይማም መጣ፣ ከበሩ ላይ ሦስቴ ጠራት፣ ተነሥታ ሮጠች። ይህን ቀን ዘሀራ በሕይወት እስካለች ድረስ እያነሣች ትስቅበት ነበር።

ባቲ ግን እያደገች ስትሄድ ሳቁ ሰለቻት። የክፍሏ ልጆች «ሞልቷል ወይስ ቦታ አለ?» ይሏታል። ሰኞ ቀን ስትመጣ «ገበያሽ እንዴት ዋለ?» ይሏታል። ይህስ የልጅነት ነው፣ ያልፋል። ያላለፈው የትልልቆቹ ነገር ነው። አንዳንድ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባትሽ ባቲ ውስጥ የሆነች ሴት ነበረችው መሰል» ይሏታል። ሄዳ አባቷን ትጠይቃለች። ይማም አንድ ቀን «ስሙ ስለሚያምር ነው» ይላታል፤ ሌላ ቀን «እንዲሁ ነው» ይላታል፤ ሌላ ቀን ጉሮሮውን ይጠራርግና ይወጣል። የማይመለስላት ጥያቄ ሆኖ አብሯት አደገ።

ዓመታት አለፉ። ዘሀራ ሞተች። መናኸሪያው ወደ አዲስ ግቢ ተዛወረ፣ ድምፅ ማጉያ ገባ፣ ይማምም ድምፁ ሰልሎ ቤት ዋለ። ባቲ ኑሩ የሚባል ልብስ ነጋዴ አገባች። የኑሩ ሱቅ «ኢስታንቡል» ይባላል። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀው «እቃዬ ከዚያ ስለሚመጣ ነው» ይላል። ዝምተኛ ሰው ነው። ባቲ በሃያ ስድስት ዓመቷ ሴት ልጅ ወለደች፤ ኑሩም በሦስተኛው ቀን ልጅቷን ኢስታንቡል ልንላት እፈልጋለሁ አለ።

ባቲ አራስ አልጋዋ ላይ ሆና አየችው። «ሱቅህን ኢስታንቡል አልከው፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ልጄን እንደ ቅርንጫፍ ልትከፍታት ነው?»

«ስሙ ደስ ይለኛል» አለ ኑሩ።

«እኔን ጠይቀኝ እንጂ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማ ሆኜ የኖርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ዛሬ እውነቱን ንገረኝ። ባቲ ውስጥ ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም።»

«ነበረህ?»

«አልነበረኝም። ሄጄም አላውቅ።»

«ታዲያ ለምን?»

  ይማም እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊወጣ ተነሣ።

«እንግዲያው ወስኛለሁ» አለች ባቲ ሳትቆጣ። «ማክሰኞ ሰባተኛ ቀኗ ነው፣ ስም ይወጣላታል። የሰው ስም ነው የሚወጣላት። የልደት ወረቀቷን ላወጣ ስሄድ የእኔንም ስም ለማስለወጥ አመለክታለሁ። እናቴ እንዳለችው ሐያት እባላለሁ።»

ይማም ለልጁ ያወረሳት መሬት የለም፣ ቤትም የለም። በሕይወቱ ከራሱ አውጥቶ የሰጣት ነገር ቢኖር ያ ስም ነበር። አሁን ልትመልስለት ነው። ይዟት ሊከራከር ግን አልቻለም፤ የሰጣትን ነገር ራሱም አያውቀውማ። ሰኞ ጠዋት የክት ኮቱን ለብሶ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

አዲሱ መናኸሪያ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ድምፅ ማጉያው «ባቲ» አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቅ አድርጎ። ይማም ቅር አለው። ትኬት የሚቆርጠው ወጣት «አባት፣ ወዴት ነዎት?» ሲለው «ባቲ» አለ። ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ጠርቶታል፤ ለራሱ ጉዞ ሲናገረው ግን የመጀመሪያው ነበር።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ባቲ ሲደርሱ ይማም አንገቱን አስግጎ አየ። አቧራ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ የቆርቆሮ ቤቶች አሉ፣ ከቆላው የመጡ ግመሎች ተሰልፈው ያመሰኳሉ። ገበያው ሰፊ ነው። ሁሉም ደህና ነው፤ ነገር ግን ሰው ሠላሳ ዓመት ሊቀናበት የሚችል ነገር ይማም ፈልጎ አጣ። እነዚያ ሰዎች እዚህ ለመምጣት ነው እንደዚያ የሚስቁት?

ከዚያ ከመኪናው የሚወርዱትን ተመለከተ። አንዷ ገና እግሯ መሬት ሳይረግጥ ሁለት ልጆች ተጠመጠሙባት። አንዱን ሽማግሌ ወንድሙ ተቀብሎ ከረጢቱን ነጠቀው፣ ዘገየህ ብሎም ሰደበው፣ ሽማግሌውም ሳቀ። አንድ ጎልማሳ ግን ማንም አልመጣለትም። ዙሪያውን አይቶ፣ ስልኩን አይቶ፣ እንደ ማንኛውም ደከመኝ ባይ መንገደኛ ፊቱን ቋጥሮ ሄደ። ይማም ያን ጊዜ ገባው። ሰዎቹ ሲስቁ የነበረው ለከተማዋ አይደለም። የሚጠብቃቸው ሰው ስላለ ነው። እኔ ለልጄ የሰጠኋት የሰዎቹን ሳቅ ሳይሆን አቧራውን ነው ብሎ አዘነ።

እንዲህ ቆሞ ሳለ ጥላ ሥር የግመል ወተት የምትሸጥ ከድጃ የምትባል ሴት አየችው።

«ማንን ፈልገው ነው አባቴ? ከቆሙ ቆዩ እኮ።»

«ማንንም።»

«ማንንም ሳይፈልጉ በዚህ ፀሐይ? ምን አመጣዎት ታዲያ?»

ይማም መዋሸት ደከመው። «ልጄ ባቲ ትባላለች። ስሟን ላየው ነው የመጣሁት።»

ከድጃ የወተት መቅጃውን አስቀመጠች። «የኛ ባቲ? ይህቺው ባቲ? ወላሂ በሉ።» ጎረቤቷን ጠራች፣ ጎረቤቷ ባሏን ጠራች። «እኚህ ሰውዬ ልጃቸውን በአገራችን ስም ጠርተው፣ አሁን ነው ሊያዩን የመጡት።» ከዚያ ወደ ይማም ዞረች። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጃችንን ደብቀው ያዟት? ነውር አይደለም? ለመሆኑ አግብታለች? ወልዳለች?»

«አዎ፣ ባለፈው ሮብ ወለደች።»

«ይኸው፣ አራስ ናት፣ ማንም አልነገረን። አሁን እኛ ምን ዓይነት ዘመዶች እንባላለን?»

አስቀመጡት፣ ወተት አጠጡት፣ ምሳ አበሉት። ስለ ልጅቷ ጠየቁት፤ ቁመቷን፣ ጠባይዋን፣ ባሏ ደህና ሰው መሆን አለመሆኑን። ሲነሣ ከድጃ ለአራሷ አንድ ጄሪካን ወተት አስያዘችውና መኪናው ድረስ ሸኘችው። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ቆማ እጇን አወዛወዘች። ይማም ሰው ቆሞ ሲሸኘው ይህ የመጀመሪያው ነበርና ምን እንደሚደረግ አላወቀም፤ እሱም እጁን አነሣ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲደርስ ባቲና ኑሩ ሕፃኗን አስተኝተው ተቀምጠዋል። ይማም ወተቱን መሬት አኖረና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ልጄ፣ እኔ አገር የለኝም። ከየት እንደመጣሁ አላውቅም። አንድ አውቶብስ ጥሎኝ ሄደ፣ ሊቀበለኝ የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሁሉ ወደ አገሩ ሳሳፍር ኖርኩ። አንቺ ስትወለጂ እንደኔ አገር አልባ እንዳትሆኚ ፈለግኩ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ከሚሄዱባቸው አገሮች አንዱን መርጬ ሰጠሁሽ። የኔ አልነበረም፤ ሳያውቁ ነው የወሰድኩባቸው። ዛሬ ሄጄ አየሁት። ከተማው እንደማንኛውም ከተማ ነው። ሰዎቹ ግን ለምን ደበቅካት ብለው ተቆጡኝ። ስሙን መለወጥ ከፈለግሽ አልከፋም። ምክንያቱን ሳትሰሚ ግን አትለውጪው።»

 ባቲ አለቀሰች። «አባዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ። አባትሽ ማንም ያልተቀበለው ሰው መሆኑን እንድታውቂ አልፈለግኩም።»

«እኔ ደግሞ ሌላ ሴት መስላኝ ነበር» አለች። እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ ይማምም ሳቀ። ይማም ከባቲ ከተማ ባገኘው ነገር ጠቢብ የሆነ መሰለው፤ ወደ አማቹ ዞሮ እንደ ሽማግሌ ጠየቀ።

«አንተስ ኑሩ? ኢስታንቡል ውስጥ ማን አለህ?»

ማንም የለኝም እንዲለው ጠብቆ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ሊመክረው አስቧል።

«ወንድሜ» አለ ኑሩ።

ባቲ ቀና አለች። ስለ ወንድም ሰምታ አታውቅም።

«ከድር ይባላል። ልጅ ሳለሁ በሱዳን በኩል ወጣ። አንድ ቀን ከኢስታንቡል ደወለ። ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው፣ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ አልደወለም። ሱቁን ኢስታንቡል ያልኩት ስሙን ሰው በቀን አሥር ጊዜ ሲጠራው እንድሰማ ብዬ ነው። እቃው ከዚያ ይመጣል ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው።»

«ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ?» አለች ባቲ። «ስቀልድብህ ዝም የምትለው ለምን ነበር?»

«ቀልዱ ይሻለኝ ነበር። የሚያዝኑልኝ ሰዎች ሞቷል ብለው ነው የሚያዝኑልኝ።»

ይማም ያዘጋጀውን ምክር ዋጠው። ተነሣና ለልጁ ባል ወተት ቀዳለት።

ማክሰኞ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ሸኹ ዱዓ ካደረጉ በኋላ «የልጅቷ ስም ማን ይሁን?» ብለው ጠየቁ። ኑሩ አንገቱን ደፍቶ «ሐያት ይሁን» አለ፤ ለሚስቱ ሲል እናቷ የወደደችውን ስም መርጦ ነው። ከውስጥ ክፍል የባቲ ድምፅ መጣ።

«ኢስታንቡል በሏት።»

 አንዳንዱ ሳቁን በእጁ ያዘ። ሸኹ «ይህ የከተማ ስም አይደለም እንዴ?» አሉ።

ይማም በዚያ በሰለለ ድምፁ «መዲናስ የከተማ ስም አይደለችም?» አላቸው። ሸኹ ጥቂት አሰቡና ፈገግ ብለው ስሙን አጸደቁት።

ሰው ከተበተነ በኋላ ይማም ወደ ልጁ ገባ። «ይሥቁባታል እኮ» አላት።

«ይሣቁ» አለች ባቲ ሕፃኗን እያቀፈች። «እኔን የከበደኝ ስሜ አልነበረም አባዬ። ሲስቁብኝ የምመልሰው ነገር ማጣቴ ነው። ይቺ መልሷን ይዛ ነው የምትጀምረው።»

እሷም የራሷን ስም ሳትለውጥ ቀረች። ልጅቷ አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ እንደተፈራው ልጆቹ ሣቁባት። ቀና ብላ «አጎቴ ያለበት አገር ነው፤ አባቴ ስለሚናፍቀው ነው» አለቻቸው። ሣቁ እዚያው ላይ ቆመ። አንዱ ልጅ እንዲያውም የሱ ስም ለምን እንደወጣለት ሊጠይቅ ወደ ቤቱ ሄደ። ከድር እስከ ዛሬ አልደወለም። ሱቁ ግን ክፍት ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ስምም አልተነሣም።

የከተማ ስም ለልጅ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ካጋጠሟችሁ ይህን ንገሯቸው። ከተማ በራሱ ስም አይሆንም፤ አቧራና ቆርቆሮ ነው። ስም የሚያደርገው እዚያ የምንናፍቀው ሰው፣ ወይም እንዲኖረን የተመኘነው ሰው ነው። ይህም ቢሆን በሆዳችን ይዘነው ከቀረን ለልጁ ሸክም ይሆንበታል። ለልጃችን የመረጥነው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ምክንያቱን አብረን ካልሰጠነው ግማሹን ነው የሰጠነው። አሳፋሪ ቢመስለንም እንንገረው፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ይቅር ባዮች ናቸው።

እናንተስ ስማችሁን ያወጣላችሁ ሰው ያን ቀን ማንን እየናፈቀ እንደነበር ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት።